የክፍለ ሀገር ልጆች በበረዶ ላይ

በ2024 ካልጋሪ ላይ የካናዳ የሴቶች ከርሊንግ ሻምፒዮና ሲጀመር የተሳታፊዎቹን ሰሌዳ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስገርመው አያልፍም፤ ከ18ቱ ቡድኖች አራቱ የማኒቶባ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሦስቱ ማኒቶባ–ጆንስ፣ ማኒቶባ–ሎውስ፣ ማኒቶባ–ካሜሮን እየተባሉ በመሪዎቻቸው ስም ተለይተዋል። አራተኛው የአምናው ባለ ዋንጫ ስለሆነ “ካናዳ” ተብሎ ተመዘገበ እንጂ ክለቡ ያለው በዊኒፔግ ሐይቅ ዳር በተቆረቆረች ጊምሊ በምትባል ትንሽ የማኒቶባ ከተማ ነው። አርባ ሚሊዮን ሕዝብ ካላት አገር ማኒቶባ የሚደርሳት አንድ ሚሊዮን ተኩል ቢሞላ ነው።

ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም፤ ደንብ ተለውጦ የመጣ ነው። እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የራሱ ወንበር ይኑረው ወይስ ከየትም ይምጣ ጎበዙ ይግባ? ክርክሩ ለእኛ ጆሮ አዲስ ስላልሆነ፣ ስለ በረዶ ምንም የማያውቅ አንባቢም ቢሆን ነገሩን ቀረብ ብሎ ቢያየው አይከፋም እላለሁ።

መጀመሪያ ጨዋታውን። ከርሊንግን በቴሌቪዥን ድንገት ያየ የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ ይስቃል። አንዷ በጉልበቷ ዝቅ ብላ እጀታ የተተከለበት ድፍን ድስት የመሰለ ድንጋይ በበረዶ ወለል ላይ ታንሸራትታለች። ሁለት ጓደኞቿ መጥረጊያ ይዘው ከድንጋዩ ፊት ፊት እየተጣደፉ ወለሉን ይፈትጋሉ። አራተኛዋ ከወዲያኛው ጫፍ ቆማ ጉሮሮዋ እስኪነቃ ትጮኻለች። ቤት መጥረግ ዋንጫ የሚያሰጥበት አገር ብሎ መቀለድ ቀላል ነው።

ቀልዱ የሚያበቃው ድንጋዩን ለማንሳት ሲሞከር ነው። ወደ ሃያ ኪሎ ይጠጋል። በኦሊምፒክ የምናየው ድንጋይ ኤይልሳ ክሬግ ከምትባል፣ ከስኮትላንድ ጠረፍ ወዲያ ባሕር ላይ ብቻዋን ከቆመች ሰው አልባ ደሴት የወጣ ግራናይት ነው። ወለሉም እንደ መስታወት ልሙጥ አይደለም። ከጨዋታው በፊት የውሃ ጠብታ ይረጭበትና ጠብታው ሲረጋ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ሻካራ ገጽ ይሆናል። ድንጋዩ በዚያ ላይ ቀስ እያለ እየዞረ ሲሄድ መንገዱን ወደ አንድ ጎን ያጥፋል። መጥረጊያው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ሲፈተግ በረዶው ለቅጽበት ይሞቃል፣ ድንጋዩ አልፎ ይሄዳል፣ መታጠፉንም ይቀንሳል። የምትጮኸዋ መሪ፣ በጨዋታው ቋንቋ ስኪፕ፣ “አሁን ጥረጉ፣ አሁን ተዉት” እያለች አርባ ሜትር ያህል የሚጓዝን ድንጋይ በድምፅዋ የምትነዳ ሹፌር ናት።

ከማዶ “ቤት” የሚባል ክብ አለ። በአንድ ዙር ሁለቱ ቡድኖች ስምንት ስምንት ድንጋይ እየተፈራረቁ ይልካሉ፤ ሁሉም ካለቀ በኋላ ለእምብርቱ የቀረበው ቡድን ነጥብ ይቆጥራል። የተጋጣሚን ድንጋይ መትቶ ማስወጣት፣ የራስን ድንጋይ ከሌላው ጀርባ መሸሸግ፣ በአንዱ አስታኮ ሌላውን መምታት፣ ሁሉም ይፈቀዳል። ብይ ተጫውቶ ላደገ ሰው ስሌቱ እንግዳ አይሆንበትም። የዙሩን የመጨረሻ ድንጋይ የሚልከው ቡድን መዶሻው በእጁ ነው ይባላል፤ አሥሩም ዙር ይህችን መዶሻ ለማቆየትና ለመንጠቅ የሚደረግ ድርድር ነው ማለት ይቻላል።

ስሌቱ ምን ያህል እንደሚራቀቅ ለማየት በ2005 ኒውፋውንድላንድ ውስጥ፣ ሴንት ጆንስ ላይ የተላከችውን አንዲት ድንጋይ ማስታወስ ይበቃል። የፍጻሜ ጨዋታ ነው። የኦንታሪዮዋ ጄን ሃና 6 ለ 4 ትመራለች። አሥረኛው ዙር የመጨረሻው ድንጋይ ላይ ደርሷል፤ መዶሻው በማኒቶባዋ ጄኒፈር ጆንስ እጅ ነው። የኦንታሪዮ ድንጋይ እምብርቱ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል፤ ፊቱን ሌሎች ድንጋዮች ከልለውታል። ቀጥታ የሚያስኬድ መንገድ የለም። ከክቡ ውጭ፣ በስተጎን፣ ከቁጥር የማይገባ አንድ ሌላ የኦንታሪዮ ድንጋይ ቀርቷል። ጆንስ ድንጋይዋን በኃይል ወደዚያ ሰደደችው። የውጭውን በጎኑ መታው፣ ነጥሮ በማዕዘን ወደ ውስጥ ተምዘገዘገ፣ እምብርቱ ላይ የነበረውን ጠርጎ አስወጣው። ማኒቶባ በአንድ ጊዜ አራት ነጥብ ቆጥራ 8 ለ 6 አሸነፈች። ካናዳ ውስጥ ከርሊንግ ከሚወድ ሰው ጋር ስታወሩ “ያቺ ምት” ካላችሁ የትኛዋ ተብላችሁ አትጠየቁም።

ጆንስ ያኔ የ30 ዓመት ጠበቃ ነበረች። ጠበቃ የሚለውን ያዙልኝ፤ ይህ ሻምፒዮና ለብዙ ዘመን የባለሙያ ስፖርተኞች መድረክ አልነበረም። በ1963 ለኒው ብራንዝዊክ ያሸነፈችው ሜብል ዲዌር በኋላ የካናዳ ሴናተር ሆናለች። ከ1971 እስከ 1973 በተከታታይ ሦስት ጊዜ ሳስካችዋንን ለዋንጫ ያበቃችው ቬራ ፔዘር የሥነ ልቦና ምሁር ነበረች፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ሆናለች። ስድስት ጊዜ ያሸነፈችው የኖቫ ስኮሺያዋ ኮሊን ጆንስ (ከጄኒፈር ጋር ዝምድና የላትም) የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነበረች። እነዚህ ሴቶች ሰኞ ሥራ ይገባሉ፣ ማታ ማታ ሰፈራቸው ባለው ክለብ ይለማመዳሉ፣ ክረምቱ ሲጋመስ በክፍለ ሀገራቸው ስም ይወዳደራሉ።

ክለቡ ደግሞ ከስፖርት ቤትነቱ ይልቅ የሰፈር ቤትነቱ ያይላል። በሜዳማዎቹ የእርሻ ክፍለ ሀገሮች፣ በሳስካችዋንና በማኒቶባ፣ ብዙ ትንንሽ ከተሞች ሁለትና ሦስት የበረዶ መስመር ያለው አዳራሽ ነበራቸው፤ ወጥ ቤትና መጠጥ ቤትም አብሮት አለ። ገበሬው አዝመራውን ሰብስቦ ምድሩ ሲጋገር ሥራ የለም፤ የሚኬደው ወደ ክለብ ነው። የእኛም ገና ጨዋታ የሚደምቀው አውድማው ካለቀ በኋላ፣ እጅ ሲፈታ መሆኑን ለሚያውቅ ይህ ለመረዳት አይከብድም።

ወንዶቹ ይህን የሰፈር ጨዋታ በ1927 የአገር አቀፍ ውድድር አደረጉት። ስሙ ብራየር ተባለ፤ ስፖንሰሩ ማክዶናልድ የተባለ የትምባሆ ኩባንያ ሲሆን ብራየርም የትምባሆው ስም ነው። ሴቶቹ እስከ 1961 ጠበቁ። የመጀመሪያው ሻምፒዮና ኦታዋ ላይ ተደርጎ የሳስካችዋኗ ጆይስ ማኪ አሸነፈች፤ የያኔው ስፖንሰር የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ነበር። በ1972 የትምባሆው ኩባንያ የሴቶቹንም ያዘውና “ላሲ” ብሎ ሰየመው። ላሲ በስኮቶች አነጋገር ልጃገረድ ማለት ነው፤ የኩባንያው የሲጋራ ፓኬት ላይም ስኮትላንዳዊት ልጃገረድ ነበረች። ወንዶቹ በትምባሆው፣ ሴቶቹ በፓኬቱ ላይ ባለችው ሴት ተጠሩ። ኩባንያው በ1979 ሲወጣ የሴቶቹ ውድድር ሁለት ዓመት ያለ ስፖንሰር ቆየ።

ከዚያ በ1982 የሶፍት አምራች መጣ፤ አፍንጫ የምንጠርግበት ሶፍት። አገናኟ ራሷ ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነች የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተጫዋች፣ ሮቢን ዊልሰን ነበረች። የውድድሩ ስም “የልቦች ቱርናመንት” ሆነ፤ ተጫዋቾቹ ልብ የተያያዘበት የወርቅ ሐብል ያጠልቁ ጀመር። ኩባንያው እጅ ለእጅ ቢተላለፍም ሶፍቱና ውድድሩ ከ40 ዓመት በላይ አልተለያዩም፤ ዛሬም ስሙ ስኮቲስ ነው። ለሴቶች ውድድር ሶፍትና ልብ፣ ለወንዶቹ ትምባሆ ብሎ ያደለውን አስተሳሰብ ማሾፍ ይቻላል፤ እኔም አሹፌአለሁ። ነገር ግን ከትምባሆው ሶፍቱ ታማኝ ሆኖ ተገኝቷል። የሴቶቹ ሽልማት ከወንዶቹ ጋር የተስተካከለው ግን ገና በዚህ አሥር ዓመት መግቢያ ነው።

ሌላም የማይስተካከል ነገር አለ። ሳንድራ ሽመርለር በ1997 መጨረሻ የኦሊምፒኩን ማጣሪያ ስታሸንፍ የሁለት ወር ጨቅላ ነበራት። ከጥቂት ወራት በኋላ ናጋኖ ላይ በሴቶች ከርሊንግ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አነሳች፤ በ2000 በ36 ዓመቷ በካንሰር ሞተች። ሬቸል ሆማን በ2021 ተመልካች በሌለበት የካልጋሪ አዳራሽ የስምንት ወር እርጉዝ ሆና ለፍጻሜ ደረሰች። ሆዷ ገፍቶ፣ እንደወትሮው ዝቅ ብላ እየተንሸራተተች። ይህን በሚያህል ደረጃ የሚያስችል ስፖርት ብዙ አይደለም፤ ጨዋታው ለእናት ቀላል ስለሆነ ነው የሚል ካለ ግን አንድ ቀን ከመጥረጊያው ጋር ይዋል።

ወደ ወንበሩ ጥያቄ ልመለስ።

ለረጅም ጊዜ ነገሩ ግልጽ ነበር። አሥሩ ክፍለ ሀገሮች አንዳንድ፣ ሰሜናዊዎቹ ግዛቶች በጋራ አንድ፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ የአምናው አሸናፊ “ካናዳ” ተብሎ፣ በድምሩ 12። ማኒቶባ አምስት ጎበዝ ቡድን ቢኖራትም አራቱ እቤት ይቀራሉ። በ2015 ፌዴሬሽኑ ሁለት ነገር በአንድ ላይ አደረገ። ዩኮን፣ ሰሜን ምዕራብ ግዛቶችና ሰሜን ኦንታሪዮ ለየብቻ እንዲገቡ ፈቀደ። ግን 12ቱን ወንበር አላበዛም፤ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ያሉት ከዋናው ውድድር በፊት እርስ በርሳቸው ተጋጥመው አንድ ብቻ እንዲተርፍ አደረገ። በር ከፍቶ ደጃፉ ላይ ገመድ መዘርጋት ይሏል ይህ ነው። ክፍለ ሀገሯን አሸንፋ አውሮፕላን ተሳፍራ የመጣች ቡድን ውድድሩ “በይፋ” ሳይጀመር ሻንጣዋን ትሸክፋለች። ነገሩ ሦስት ዓመት ብቻ ዘለቀ።

በ2018 ቁጥሩ ወደ 16 አደገ፤ ኑናቩትን ጨምሮ ሁሉም በቀጥታ ገባ፤ አንድ ወንበር ደግሞ የክፍለ ሀገሯን ማጣሪያ ሳታልፍ ለቀረች ጠንካራ ቡድን ተተወ። በ2021 ወንበሩ 18 ሆነ፤ የነዚያ የ“ዕድለኞች” ድርሻም ሦስት ደረሰ። ከ2024 ጀምሮ በነጥብ ከፍ ያሉ ቡድኖች የክፍለ ሀገራቸውን ማጣሪያ ሳያልፉ በቀጥታ እንዲገቡ ተደረገ። ካልጋሪ ላይ ከተሰለፉት ሦስት “ማኒቶባ” ቡድኖች የማኒቶባ ሻምፒዮን ልትሆን የምትችለው አንዷ ብቻ ነች፤ ሌሎቹ ስሙን ይዘው የመጡት በደረጃ ሰንጠረዥ ነው።

የጎበዙ ይግባ ወገን ማስረጃ አለው፤ መደበቅም አይገባም። በ2018 ፔንቲክተን ላይ የመጀመሪያውን የትርፍ ወንበር ያገኘችው ከሪ አይናርሰን ፍጻሜ ደርሳ ከጄኒፈር ጆንስ ጋር ተጋጠመች። ሁለቱም ከማኒቶባ። በአሮጌው ደንብ ከአገሪቱ ሁለት ምርጥ ቡድኖች አንዷ ያን ሳምንት በቴሌቪዥን ተመልካች ትሆን ነበር። አይናርሰን ተሸነፈች፤ በዚያው ዓመት ራሳቸው ስኪፕ የነበሩ ሦስት ሴቶችን ሰብስባ አራት መሪ ያለበት አዲስ ቡድን ሠራች። ከነዚህ አንዷ ቫል ስዊቲንግ የአልበርታ ሰው ናት፤ ደንቡ አንድ የሌላ ክፍለ ሀገር ተጫዋች ይፈቅድ ነበር። ቡድኑ ከ2020 እስከ 2023 አራት ዓመት በተከታታይ አሸንፎ የኮሊን ጆንስን የተከታታይ ድል ክብረ ወሰን ተጋራ። የሰፈር ቡድን ነው እንዳይባል ሰፈሩ ሁለት ክፍለ ሀገር ነው፤ አይደለም እንዳይባል ማልያው ላይ ጊምሊ ያለው ክለብ አለበት።

ደግሞም የውጭው ዓለም አልቆመም። በ2018ም በ2022ም ኦሊምፒክ የካናዳ ሴቶች ከምድብ ሳያልፉ ቀሩ። ከ2018 በኋላ የዓለም ዋንጫውን የስዊዘርላንዷ ሲልቫና ቲሪንዞኒ አራት ጊዜ በተከታታይ ወሰደችው፤ ካናዳ መልሳ ያነሳችው በ2024 በሆማን ነው። ጨዋታውን የኑሮዋ መተዳደሪያ ያደረገችን ስዊዘርላንዳዊት ማታ ማታ በሚለማመዱ ጠበቆች አትረቷትም የሚለው ክርክር ከዚህ ይነሳል።

እኔን የማያሳምነኝ ከዚህ ወደ ወንበሩ የሚደረገው ዝላይ ነው። የካናዳ የኦሊምፒክ ቡድን የሚመረጠው በዚህ ሻምፒዮና አይደለም፤ ራሱን የቻለ ማጣሪያ አለው። የኑናቩት ወይም የዩኮን ቡድን እዚህ መገኘቱ ከማንም አንገት ሜዳሊያ አላወለቀም። በምድቡ ስምንት ጨዋታ አለ፤ ሁለቱ ለጠንካራዎቹ የመለማመጃ ያህል ቢቀሉ የሚጎዳው የቴሌቪዥን ሰዓቱን ነው። የቴሌቪዥን ሰዓት ገንዘብ መሆኑ ይገባኛል፤ ግን ክርክሩ በገንዘብ ስም ይቅረብ እንጂ በሜዳሊያ ስም አይምጣ።

ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ እዚያው ካናዳ፣ ቫንኩቨር ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በክረምት ኦሊምፒክ በበረዶ ሸርተቴ ሲወዳደር ያሸንፋል ብለን አልነበረም የተመለከትነው። ኖርዌጂያኖቹን ዘግይተህብናል ብሎ የቆጠረበትም የለም። ከስንት ኪሎ ሜትር ርቆ እንደመጣ ሁሉም ያውቅ ነበር። የኑናቩት ዋና ከተማ ኢቃሉዊትም ከተቀረው ካናዳ ጋር የሚያገናኝ መንገድ የላትም፤ ሰውም መጥረጊያውም የሚመጣው በአውሮፕላን ነው።

ጎበዙ ይግባ የሚለው መንገድ እስከ ጫፉ ሲኬድ የት እንደሚያደርስ ያየሁት በአንድ ሌላ ታሪክ ነው። ጄኒፈር ጆንስ ከ2008 እስከ 2010 ሦስት ዋንጫ በተከታታይ ካነሳች በኋላ ምክትሏን ካቲ ኦቨርተን–ክላፋምን ከቡድኑ አስወጥታ ወጣቷን ኬትሊን ሎውስን ተካች። ዒላማው ኦሊምፒክ ነበር። ኦቨርተን–ክላፋም ሰፈሯ ተመለሰች፣ የራሷን ቡድን አቋቋመች፣ ማኒቶባን አሸነፈች። በ2011 ሻርለትታውን ላይ ማኒቶባ ማለት እሷ ሆነች፤ ጆንስ “ካናዳ” ሆና መጣች። በምድብ ጨዋታ ተገናኙና ያስወጡዋት አሸነፈች። የክፍለ ሀገሩ ወንበር ባይኖር ያ ጨዋታ አይኖርም ነበር፤ በነጥብ ሰንጠረዥ ገና የተቋቋመ ቡድን የሚገባበት ቀዳዳ የለምና። ፍትሕ ለማለት ይከብዳል፤ ምክንያቱም ጆንስና ሎውስ በ2014 ሶቺ ላይ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፉ ወርቁን አመጡ። ሁለቱም ወገን ትክክል የሆነበት ጠብ ነው።

ከርሊንግ ውስጥ ግን ጠብም ቢኖር ጨዋታው ሲያልቅ መጨባበጥ ግዴታ ነው። ተስፋ የቆረጠ ቡድንም ዙሩን ሳይጨርስ እጁን ዘርግቶ መሸነፉን ያሳውቃል፤ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በመጥረጊያዋ ድንጋይ የነካች ተጫዋች ራሷ “ነክቻለሁ” ትላለች፤ ፊሽካ የሚነፋባት የለም። በ2018 ኦሊምፒክ ከዴንማርክ ጋር ስትጫወት ሆማን ተጋጣሚዎቿ የነኩትን ድንጋይ ከሜዳ አነሳች። ደንቡ ይፈቅድላታል። የአገሯ ሰዎች ግን ትተወው ነበር እያሉ ቀናት ሙሉ ወቀሷት፤ ጨዋታውንም በተጨማሪ ዙር ተሸነፈች።

በካልጋሪው 2024 ፍጻሜ ኦንታሪዮን የመራችው ይህቺው ሆማን ናት፤ ከማዶ የቆመችው ጄኒፈር ጆንስ። ጆንስ ወቅቱ ሲያልቅ ከአራት ሰው ጨዋታ እንደምትሰናበት አስታውቃ ነበር። ስድስት ዋንጫ ነበራት፤ ሰባተኛው ቢጨመር ከኮሊን ጆንስም ልታልፍ ነበር። ሆማን 5 ለ 4 አሸነፈች። ማኒቶባ በአራት ቡድን መጥታ ባዶ እጇን ተመለሰች።